ላይም ታችም ሲሰበር፦ ከማንጎው ሥር እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጥላ ማለት ማንጎ ማለት ነው። ፍሬው ሲደርስ ደግሞ ዛፉ የልጆች ይሆናል። እንበልና አንድ የ7 ዓመት ልጅ የረገጠው ቅርንጫፍ ከዳውና ወደቀ። ማንም እንደሚያደርገው እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊቀድም ሞከረ። መዳፉ መሬት ሲነካ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ በዚያች ቀጭን ክንድ ላይ አረፈ። ሰው ተሯሩጦ ሲደርስ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ክንዱ እንደ ሹካ ጀርባ ጎብጧል። ሁሉም የሚያየው ይህንን ነው። ክርኑ ላይ የጀመረውን እብጠት ግን «መትቶት ነው» ብለው ያልፉታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከትከሻ እስከ ክርን ያለው አጥንት አንድ ነው፤ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያሉት ደግሞ ሁለት ናቸው። በአንድ እጅ ላይ፣ ከክርን በላይም ከክርን በታችም ሲሰበር ክርኑ በሁለቱም ወገን የሚይዘው ያጣል። ሐኪሞች «ተንሳፋፊ ክርን» የሚሉት ለዚህ ነው። ስያሜውን ስታኒትስኪ እና ሚኬሊ የተባሉ ሐኪሞች በ1980 እ.ኤ.አ. ልጆች ላይ የሚደርሰውን ጥምር ስብራት ሲገልጹ ተጠቀሙበት፤ በኋላ ለአዋቂም ዋለ። ከክርን በላይ አጥንታቸው ከተሰበረ 100 ልጆች መካከል ከ3 እስከ 13 የሚሆኑት የታችኛውም ክንድ ተሰብሮ እንደሚገኝ የተለያዩ ጥናቶች ያሳያሉ። ብዙ አይደለም፤ ግን የማይፈልገው ሰው አያገኘውም።

አዋቂ ላይ ይህ ጉዳት በቀላል አወዳደቅ አይመጣም። ሞተር ሳይክል፣ የተገለበጠ ባጃጅ፣ አይሱዙ ላይ ከጭነት ጋር ተጭኖ መሄድ፣ ጥይት፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ አዋቂ ሰው ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ካዩ፣ ያን ያህል ጉልበት ሌላም ቦታ አርፎ ይሆናል ብለው ይነሱ።

ከዚህ በታች ያለው ለቤተሰብ፣ ለመምህር፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለባጃጅ ሹፌርም ጭምር ነው። ሐኪምን አይተካም። ሐኪሙ ጋ ሕይወት ያለው እጅ እንዲደርስ ግን ይረዳል።

ደረጃ 1፦ ከእጁ በፊት ሰውየውን

የተሰበረ ክንድ ዓይን ይስባል፤ የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ነው። ይተነፍሳል? ሲጠሩት ይመልሳል? ከየትም ቦታ ደም ይፈሳል? አንገቱን ያመዋል? ከከፍታ የወደቀ ወይም ከመኪና የተወረወረ ሰው አንገቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ በጉልበት አያስነሱት። የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይያዙ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

ደረጃ 2፦ አምባሩን፣ ጨሌውን፣ ቀለበቱን ያውልቁ

አሁኑኑ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እብጠቱ አያስወልቅዎትም። በጋምቤላ እጅ ላይ ጨሌና አምባር ማሰር ለብዙ ቤተሰብ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሰጠው ሰው፣ የታሰረበት ምክንያት አለው። ስለዚህ እናቱን ወይም አያቱን አስፈቅደው፣ ክሩን ቆርጠው፣ ጨሌውን በጨርቅ ቋጥረው ይስጧቸው። የተቆረጠ ክር እንደገና ይሰካል።

ቀለበት እምቢ ካለ በጉልበት አይታገሉት። ቀጭን ክር ይውሰዱና አንዱን ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሾልከው ወደ መዳፉ በኩል ያውጡት። የቀረውን ክር ከቀለበቱ ጀምረው ወደ ጥፍሩ እያጠጋጉ ጣቱ ላይ ይጠምጥሙት፣ ሳሙና ይቀቡት። ከዚያ በቀለበቱ ሥር ያሾለኩትን ጫፍ ወደ ጥፍሩ እየሳቡ ሲፈቱት ቀለበቱ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ጣቱ ራሱ ከተሰበረ ግን ይህን አይሞክሩ።

ደረጃ 3፦ ጣቶቹን ይጠይቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህችኛዋን ይሁን። አጥንት ይጠብቃል፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት። ደም ያጣ ጡንቻ ግን አይጠብቅም፤ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ የሞተው አይመለስም። ስብራቱ ላይና ታች ሲሆን እብጠቱም ከሁለት ወገን ነው የሚመጣው፤ ክርን አጠገብ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥርና ሦስቱ ነርቮች መሃል ላይ ይጨመቃሉ። የተሰበረውን አጥንት ዓይቶ መፍረድ አይቻልም። ጣት ግን ይናገራል።

መጀመሪያ ደም። በአውራ ጣቱ በኩል እጅ አንጓው ላይ የደም ሥሩን ምት ይዳስሱ። ከዚያ የጣቱን ጥፍር ተጭነው ይልቀቁ፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። ቆዳው ጠቆር ላለ ሰው ከቆዳው ይልቅ ጥፍሩን ይመልከቱ፤ ከደህናው እጅ ጋርም ያወዳድሩ። የቀዘቀዘ፣ የገረጣ፣ ምቱ የጠፋ እጅ ከሆነ በጉዞው ላይ የሚባክን ደቂቃ የለም።

ቀጥሎ ነርቭ። ልጁ ኑዌርኛ ወይም አኝዋክኛ እንጂ አማርኛ ላይናገር ይችላል፤ ግድ የለም፣ በራስዎ እጅ እያሳዩ «እንደ እኔ አድርግ» ማለት ቋንቋ አይፈልግም። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያቁም። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ ክብ ይሥራ። አምስቱንም ጣቶች እንደ ማበጠሪያ በትኖ ይዘርጋ። ሦስቱ እንቅስቃሴዎች ሦስቱን ነርቮች በየተራ ይፈትናሉ። አንዱን ካልቻለ የቱን እንደሆነ በወረቀት ይጻፉ። ኋላ ኦፕራሲዮን ሲደረግ «ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ያ ወረቀት ነው።

ደረጃ 4፦ ባለበት ይደግፉት

ልቃናው አይበሉ። አይጎትቱ፣ አያሹ፣ ክርኑን አጥፈው አንገት ላይ ለማንጠልጠል አይታገሉ። ከክርን በላይ የተሰበረ ልጅ ክርኑ ከልክ በላይ ሲታጠፍ የደም ሥሩ ስብራቱ ላይ ይቆለመማል። ልጁ ራሱ የሚያርፍበትን አቀማመጥ መርጦ ይዟል፤ ያንን ይጠብቁለት።

መደገፊያው የሚገኝ ነገር ነው። የብስኩት ካርቶን ከብብቱ ሥር እስከ ጣቶቹ ግርጌ በሚደርስ ልክ ይቁረጡ፤ እጁ በያዘው ቅርጽ እንዲታጠፍ መሃሉን ይጫሩ። ውስጡን በልብስ ወይም በፎጣ ያለስልሱ። ከላይ በሻሽ ይጠቅልሉ፤ ጥቅልሉ ሥር አንድ ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። ስብራቱ ልክ ላይ አይቋጥሩ። የጣቶቹ ጫፍ ውጭ ይቅር። ከዚያ በነጠላ ደረቱ ላይ ደግፈው ያሳርፉት። ሲጨርሱ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱና ጣቶቹን እንደገና ይዩ። ከማሰርዎ በፊት ይሞቅ የነበረ እጅ ከቀዘቀዘ ያቀዘቀዘው የእርስዎ አስተሳሰር ነው፤ ፈትተው ላላ አድርገው ይሰሩት።

አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ወይም ስብራቱ አጠገብ ቁስል ካለ፣ ጠብታ ደም የሚያወጣ ትንሽ ቀዳዳም ቢሆን፣ «ክፍት ስብራት» ነው። አጥንቱን ወደ ውስጥ አይግፉ። በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ጭቃ፣ ቅቤ፣ ምንም አይነስንሱበት። የቡና ዱቄት ደም ያቆማል ብሎ የሚምል ሰው በየመንደሩ አለ፤ ሐኪሙ ግን በኋላ ያንን ዱቄት ከአጥንት ላይ በብሩሽ ሲያጥብ ነው የሚያመሸው። በጥይት የተሰበረ ክንድም ክፍት ስብራት ነው፤ መግቢያው ቀዳዳ ምንም ቢያንስ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፦ ለልጅ በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ ለአዋቂ 1 ግራም፣ በ6 ሰዓት ልዩነት። ሰዓቱን ይጻፉ። ምግብ አይስጡ፤ ማደንዘዣ ሊወስድ ይችላል። ውኃን በተመለከተ ግን የጋምቤላ ሙቀት ቀላል አይደለም፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ንጹሕ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጭ፤ ማደንዘዣ ሊሰጥ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቁም።

ደረጃ 5፦ ወጌሻው ቤት ከመግባትዎ በፊት

ወጌሻን መናቅ አልወድም። ሆስፒታል ሳይኖር በፊት የአገሩን አጥንት ሁሉ የጠገነው እሱ ነው። ዛሬም ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቋንቋውን ይናገራል። ቀላል ወለምታና ያልተነቃነቀ ስብራት ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚድን ዝናውም መሠረት የሌለው አይደለም።

ይህ ስብራት ግን ከእነዚያ ወገን አይደለም። ከሁለት ወገን የሚያብጥ ክንድ በቀርከሃ ስንጥር ተጠፍሮ ሲታሰር እብጠቱ የሚሄድበት ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል። የመጀመሪያው ሌሊት ልጁ ይጮኻል። በሁለተኛው ቀን ዝም ይላል፤ ቤተሰቡ «ተሻለው» ይላል። የተሻለው የለም፤ ነርቩ ነው የሞተው። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ጣቶቹ ሲጠቁሩ ሆስፒታል ይመጣል፤ እጁም ይቆረጣል። ሰፈሩ የሚያስታውሰው የቆረጠውን ሆስፒታል እንጂ ያሰረውን ቀርከሃ አይደለም። «ሆስፒታል ከሄድክ ይቆርጡሃል» የሚለው ፍርሃት የተወለደው እንዲህ ነው፤ ያው ፍርሃት ደግሞ ቀጣዩን ልጅ ያዘገየዋል።

ለወጌሾች አጭር ሥልጠና በመስጠት ከልክ በላይ በጠበቀ አስተሳሰር ሳቢያ የሚቆረጥ እጅና እግር እንደሚቀንስ በአገራችን ታይቶ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ስለዚህ ቤተሰብ «ወጌሻው ካላየው» ብሎ ድርቅ ካለ ክርክሩን ይተዉትና ወጌሻውን ራሱን ያነጋግሩት። «አባታችን፣ ላይም ታችም ተሰብሯል፣ ጣቱም ቀዝቅዟል፤ እርስዎ ባይነኩት ይሻላል፣ ሐኪም ቤት ይሂድ ቢሉልን» ሲባል አዋቂ ወጌሻ እምቢ አይልም። የእሱ አንድ ቃል ከእርስዎ አንድ ሰዓት ስብከት ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ መንገዱ

ከኢታንግ ወይም ከአቦቦ የሚመጣ ሰውና ክረምት ላይ ውኃ ከሚከብበው ከጅካዎ በጀልባ የሚወጣ ሰው አንድ ዓይነት ጉዞ የላቸውም። ለሁሉም የሚሠራው ግን ይህ ነው፦ ሞተር ላይ አይጫን፤ ተቀምጦ ወይም በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁ በልቡ ትይዩ በትራስ ተደግፎ ይሂድ። በየግማሽ ሰዓቱ ጣቶቹን ይዩና ሰዓቱን ከምልክቱ ጋር ይጻፉ።

የመጀመሪያው ማረፊያ ጋምቤላ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። እዚያ ሲደርሱ የአጥንት ሐኪም መኖሩን፣ ኦፕራሲዮኑ እዚያው ይሠራ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ሪፈር ከተባለ መንገዱ በጎሬና በመቱ አድርጎ ወደ ጅማ፣ ወይም እስከ አዲስ አበባ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና አቤት ሆስፒታል፣ ለልጆች ደግሞ ኪዩር ኢትዮጵያ የአጥንት ሕክምና ይሰጣሉ። አዲስ አበባ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከቆላው ወደ ጎሬ ሲወጡ ብርድ ስላለ ብርድ ልብስ ይያዙ።

በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ አንድ ነገር አይርሱ። ጄሶው ዙሪያውን የተዘጋና ከታሰረ 48 ሰዓት ያልሞላው ከሆነ በቁመቱ ተሰንጥቆ መላላት አለበት። አየር ላይ እብጠቱ ሊጨምር ይችላል፤ ጄሶ ደግሞ አይለጠጥም።

ወረቀቶቹን በአንድ ፌስታል ያድርጉ፦ የሪፈር ወረቀት (ያለ እሱ የጤና መድኑ ላይሠራ ይችላል)፣ ራጁ፣ የእርስዎ ማስታወሻ። የመኪና አደጋ ከሆነ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃም ይጨመር፤ የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠየቀው በእሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ሆስፒታል ውስጥ የሚጠየቀው

በጣም የተለመደው ስህተት ራጅ ክፍል ውስጥ ይፈጠራል። «ክንድ» ተብሎ የታዘዘ ራጅ የጎበጠውን ቦታ ብቻ ያነሳል፤ ክርን ከፊልሙ ውጭ ይቀራል። እርስዎ በትሕትና «ዶክተር፣ ክርኑም ትከሻውም እጅ አንጓውም ታይቷል?» ይበሉ። ከሁለት አቅጣጫ መነሳት አለበት። ደንቡ አጭር ነው፤ ከተሰበረው አጥንት በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች ካልታዩ ራጁ አላለቀም።

ልጅ ከሆነ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከክርን በላይ ያለውን ስብራት ያቀናና በቆዳ አልፈው በሚገቡ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይይዘዋል። የታችኛውን ክንድ አቅንቶ በግማሽ ጄሶ ያሳርፈዋል፤ ከተንሸራተተ እሱንም በሽቦ ይይዛል። የላይኛው በሽቦ ከተያዘ ክርኑን አጥፎ ማሰር አያስፈልግም፤ ደሙም በነፃነት ይሄዳል። ሳይቀና የዳነ ክርን ወደ ውስጥ ቆልመም ብሎ ይቀራል። እጁ ይሠራል፤ ግን ልጁ አድጎ እጅጌ ባጠፈ ቁጥር ይታያል።

አዋቂ ላይ ነገሩ ይለያል። የላይኛው ክንድ አጥንት ለብቻው ቢሰበር ያለ ኦፕራሲዮን ሊድን ይችላል። የታችኛውም አብሮ ሲሰበር ግን ሁለቱንም በብረት ማሰር የተሻለው መንገድ ነው፤ ዋናው ምክንያት ክርኑን ቶሎ ለማንቀሳቀስ ነው። የላይኛው አጥንት መሃሉ ላይ ሲሰበር በጀርባው የሚጠመጠመው ነርቭ ከ100 ሰው በ12ቱ ገደማ ይጎዳል፤ እጅ አንጓው ይዝላል፣ መዳፉን ቀና ማድረግ ያቅተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ10ሩ 7ቱ ያህሉ በወራት ውስጥ በራሳቸው ይመለሳሉ። የዛለ እጅ ያየ ቤተሰብ ተስፋ ሳይቆርጥ ይህን ይወቅ።

ክፍት ስብራት ከሆነ አንቲባዮቲኩ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይጀመር፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ይሰጥ፤ ቁስሉ በኦፕራሲዮን ክፍል ይታጠብ። ኦፕራሲዮኑ ሌላ ከተማ የሚሠራ ቢሆንም አንቲባዮቲኩ ጋምቤላ ላይ ነው የሚጀመረው።

ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት። ማስታገሻ እየወሰደ ሕመሙ የሚብስበት፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋለት የሚጮህ፣ ክንዱ እንደ እንጨት የጠነከረ ሕመምተኛ ጡንቻው ውስጥ ግፊት እየጨመረ ነው። ትንሽ ልጅ አይናገርም፤ ይቁነጠነጣል፣ ይረበሻል፣ ማስታገሻ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል። የእጅ አንጓው ምት መኖሩ አያጽናናዎ፤ ግፊቱ ጡንቻውን እየገደለም ምቱ ሊኖር ይችላል። ነርሷን ይጥሩ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን። ፋሻው እስከ ቆዳው ድረስ መፈታት አለበት፤ ካልተሻለው ሐኪሙ የጡንቻውን ሽፋን ከፍቶ ግፊቱን ያስወጣል። ያ ሳይደረግ የቀረ እጅ እንደ አሞራ ጥፍር ተኮማትሮ ይቀራል፤ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህንን ነው።

ደረጃ 8፦ ቤት

ጣቶቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ ይጨብጥ፣ ይዘርጋ። ጄሶው ሥር በላብ ያሳክካል፤ እንጨት ወይም ስክሪብቶ አይክተቱበት። ባሮ ወንዝ መግባት ለጊዜው የለም ይበሉት፤ የራሰ ጄሶ ይበሰብሳል፣ በሽቦዎቹ በኩልም ውኃው ቁስል ውስጥ ይገባል።

ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ የአካባቢያችን ልማድ ያሳስታል። በጋምቤላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ይባላል፣ ብዙ ጊዜም ነው። ብረት ወይም ሽቦ የገባለት ሰው ሲያተኩሰው ግን የወባ ምርመራውም ቁስሉም አንድ ላይ ይታዩ። የወባ መድኃኒት እየወሰደ መግል የያዘ አጥንት ይዞ የሚከርም ሰው አይጠፋም።

የልጅ ሽቦ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይነቀላል፤ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣም አያስፈልገውም፣ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ክርኑ ይደርቃል፤ መድረቁ ያስደነግጣል፣ ግን ልጅ በጨዋታው ራሱን ያላላል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ቤተሰብ «ታሽቶ ይላላ» ብሎ የሚሳሳተው። የተሰበረ ክርን በጉልበት ሲታሽና ሲለጠጥ ጡንቻው ውስጥ ሌላ አጥንት ሊበቅል ይችላል፤ ያኔ ጨርሶ አይታጠፍም። ራሱ ያንቀሳቅሰው፦ እጁን ወደ አፉ፣ ወደ ትከሻው፣ ወደ ጆሮው በቀን ብዙ ጊዜ ይውሰድ።

አዋቂ ለ3 ወር ያህል ጀሪካን አያንሳ፣ መቆፈሪያ አይያዝ፤ ሐኪሙ ራጅ ዓይቶ እስኪፈቅድ ድረስ። ጋያ የሚያጨሱ፣ ሲጋራም የሚያጨሱ፣ ለእነዚህ ወራት ቢተዉት አጥንቱ ቶሎ ይገጥማል፤ ትንባሆ ስብራቱ ላይ ያለውን የደም ዝውውር ይቀንሳል። ቅልጥም ይብላ ይባላል፤ ይብላ፣ አይጎዳም። ከባሮ የወጣ ዓሣና ወተትም ይጠቅማሉ።

«ብረቱ መቼ ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አዋቂ ላይ ካላመመና ካልቆሰለ አይወጣም፤ እዚያው ይቀመጣል። ዝናብ ሲመጣ ያሳክካል የሚሉ አሉ፤ ብዙ አይጨነቁበት።